የልጄ የታች መንጋጋ ወደ ፊት እየወጣ ነው፤ ጥርሱን እናስነቅል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። የ15 ዓመት ልጄ የታች መንጋጋው እየረዘመ የታች ጥርሶቹ ከላይኞቹ ቀድመው ወጥተዋል፤ ዳቦ በፊት ጥርሱ መግመጥ አቅቶት ወደ ጎን አድርጎ ይነክሳል። አንድ ባለሙያ «ከታች ሁለት ጥርስ ነቅለን የቀሩትን በሽቦ ወደ ኋላ እንሳብ» ብሎናል። ሌሎች ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ይላሉ። ልጁ ፎቶ መነሣት ትቷል። ምን ይሻለናል?
እናቱ

መልስ፦ ክብርት እናት፣ አጥብቀን የምንለምንዎ የመንጋጋው እድገት በምርመራ ሳይታወቅ ጥርሱ እንዳይነቀል ነው። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ችግሩ ከጥርሱ ይልቅ ጥርሱን በተሸከመው አጥንት ላይ ያለ ይመስላል። ሽቦ ጥርስን በዝግታ እየገፋ፣ በአንድ ወገን ያለው አጥንት እንዲሟሟ በሌላው ወገን አዲስ እንዲሠራ እያደረገ፣ በወር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ የረዘመ መንጋጋን ግን አያሳጥርም።

ከታች ነቅሎ ወደ ኋላ መሳብ የአጥንቱ ልዩነት አነስተኛ ለሆነ፣ እድገቱንም ለጨረሰ ሰው የሚሠራ መንገድ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ኋላ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ግን ዝግጅቱ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ውስጥ የተጋደሙት የታች ጥርሶች ቀና እንዲሉ ይደረጋል፣ መንቀል ካስፈለገም ብዙ ጊዜ የሚነቀለው ከላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ በችኮላ የተሠራውን ነገ ለማፍረስ ሌላ ዓመት ይጠፋል።

በወንዶች የታችኛው መንጋጋ እስከ 18 ዓመት፣ አንዳንዴም ከ20 በላይ ያድጋል። እድገቱ መቆሙን ለማወቅ የራስ ቅል የጎን ራጅ ተነሥቶ ከዓመት በኋላ ከሚነሣው ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ በፊት የተደረገ ቀዶ ሕክምና መንጋጋው እንደገና በማደጉ ሊበላሽ ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው ካስፈለገ አስቀድሞ ከ12 እስከ 18 ወር ሽቦ ይታሰራል። በዚህ ጊዜ ጥርሶቹ ወደ ትክክለኛ ዘንበላቸው ስለሚመለሱ አገጩ ከቀድሞው ይበልጥ የወጣ ይመስላል። ከመልኩ የሚሸሽ ልጅ ይህን ሳይነገረው ቢደርስበት ክፉኛ ሊሰበር ስለሚችል፣ ሐኪሙ በልጁ ፊት እንዲያስረዳው ይጠይቁ። ከዚያ በሙሉ ሰመመን፣ በአፍ ውስጥ በኩል አጥንቱ ተቆርጦ ወደ ቦታው ይመለስና በቲታኒየም ፕሌትና ብሎን ይያዛል፤ ፊት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ አይኖርም። ለስድስት ሳምንት ያህል ምግቡ አጥሚት፣ የበሶ ብጥብጥና ሾርባ ይሆናል። የታችኛው ከንፈር መደንዘዝ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በወራት ይለቃል፣ በጥቂቶች ላይ ግን ይቀራል፤ ይህንንም ሳይሰሙ አይፈርሙ።

ክትትሉ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ሽቦው በየአራትና ስድስት ሳምንቱ ስለሚታይ የ400 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ወጪ ከወዲሁ ያስቡበት። ቆሎና ሸንኮራ ሽቦውን ስለሚነቅሉ ያኔ ይቀራሉ። ታናናሾች ካሉት ችግሩ በዘር ሊወረስ ስለሚችል በ7 ዓመታቸው ያስመርምሯቸው፤ ከ10 ዓመት በፊት የላይኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚስብ የፊት ማሰሪያ ሊረዳቸው ይችላል። ለእሱ ደግሞ የተቦረቦረ ጥርስ ካለው እዚያው ደሴ አሁኑኑ ያስሞሉለት፤ በተበላሸ ጥርስ ላይ ሽቦ አይታሰርም።