"ይሰማል አይደል?"

ሥልጠና መስጠት ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ብዙ ዓመት በየዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ቆሜ ሳሠለጥን ኖሬአለሁ። ድምፄ ወፍራም ነው። ገና ስጀምር ማይኩን ወደ ጎን አደርግና "ያለ ማይክ ይሰማል አይደል?" እላለሁ። "ይሰማል!" ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ያልሰማው ሰው ግን ጥያቄዬንም አልሰማም። ቢሰማውስ፣ በመቶ ሰው ፊት "እኔ ጆሮዬ ይደክማል" ብሎ እጁን የሚያወጣ ማን ነው? ይህን ለመረዳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አልነግራችሁም፤ አፍራለሁ።

አሁን ማይክ ካለ እይዛለሁ። ከኋላ አንዱ ሲጠይቅ ማይኩ ካልደረሰው፣ ጥያቄውን ደግሜ ነው የምመልሰው። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩም አላወራም። ከንፈር እያየ የሚከታተለኝ ሰው ከጀርባዬ ምን ያነባል?

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ጊዜ ለመምህራን በሰጠሁት ሥልጠና ፊት ለፊቴ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ተቀምጧል። ሙሉ ጠዋት አንድ ሥዕላዊ መግለጫ ሳብራራ ዋልኩ። "ይሄ እዚህ ይገባና፣ ይሄኛው ደግሞ ወደዚያ ይሄዳል።" ለእረፍት ስንወጣ ቀረብ አለኝና በትህትና "'ይሄ' ሲሉ የቱን ነው?" አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተናገረው ጣቴ ነበር እንጂ አፌ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ስም መጥራት ጀመርኩ። "በስተግራ ያለው ሳጥን 'ምዝገባ' ይላል፤ ከሱ የሚወጣው ቀስት 'ምዘና' ወደሚለው ያመራል።" መጀመሪያ ምላሴ ተሳሰረ። ግን ከኋላ የተቀመጡት፣ ስላይዱ በደንብ የማይታያቸውም፣ ያን ጊዜ ነው ማስታወሻ መያዝ የጀመሩት።

ያው ሰው ሌላም ነገር አስተማረኝ። ጽሑፉን ቀድሜ በፒዲኤፍ ልኬለት ስለነበር በልቤ ኮርቼ ነበር። ለካ ፋይሉ ስካን የተደረገ ነው። ስካን ፎቶ ማለት ነው፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብለት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደሩ፣ ከፍቶት የሚያነበው ፊደል አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ከመላኬ በፊት አንዱን ዓረፍተ ነገር በማውሱ ለመምረጥ እሞክራለሁ። ፊደሉ የማይመረጥ ከሆነ፣ ለእሱ የላክሁለት ባዶ ወረቀት ነው። ሥዕል ካለበትም ሥዕሉ የሚያሳየውን በጽሑፍ አክሉበት።

ቀለምን በተመለከተ አጭር ነገር ልበላችሁ። "ቀዩ ስህተት፣ አረንጓዴው ትክክል" የሚል ስላይድ አትሥሩ። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገር ሰው፣ በተለይ ከወንዶች መካከል፣ ጥቂት አይደለም። ምልክት ጨምሩበት፣ አለቀ።

ክፍሉን ደግሞ ከቀኑ በፊት ሄዳችሁ እዩት፤ መጸዳጃ ቤቱንም ጭምር። ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ሊፍቱ ከተበላሸ፣ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የቀረው ምክሬ ሁሉ ዋጋ የለውም።

የምዝገባ ቅጽ ላይ "ምን ዓይነት ጉዳት አለብዎ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "እንዲመችዎ ቀድመን ልናዘጋጅ የሚገባ ነገር አለ?" በቂ ነው። ከዚያ መልሱን አንብቡት! ቅጹን ሰብስቦ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ የከፈተ አዘጋጅ በዓይኔ አይቻለሁ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከተጠየቀ፣ ረዘም ላለ ሥልጠና ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሥራው አእምሮ የሚያዝል ስለሆነ ከ20 እስከ 30 ባለው ደቂቃ ልዩነት ይቀያየራሉ። ስላይዱን ቀድማችሁ ስጧቸው። መስማት የተሳነውን ሰው ስታናግሩ ደግሞ ዓይናችሁ እሱ ላይ ይሁን፤ አስተርጓሚው ላይ አይደለም።

"ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው?" የሚላችሁ አይጠፋም። ውለታ እየዋላችሁ እንዳልሆነ ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 24 ላይ ከፍተኛ ትምህርትን በስም ጠርቶ አስቀምጦታል።

ዝምታውስ? እኔን በጣም ያታለለኝ እሱ ነው። ሲጠየቅ ዝም የሚል ሠልጣኝ "አልተዘጋጀም" ወይም "ፍላጎት የለውም" እል ነበር። አንድ ቀን የቡድን ሥራ ላይ አንዲት ረዳት መምህርት ቃል ሳትተነፍስ ዋለች። ማታ የተሰበሰቡትን ወረቀቶች ሳገላብጥ ከሁሉም የበሰለው ሐሳብ የእሷ ነው። ለካ አጠገቧ የተቀመጠው የትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ኖሯል። እሱ ከተናገረ በኋላ ምን ትበል? ቡድኑን እንዲያ የመደብኩት እኔ ነኝ።

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታለች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል መልሱ ረዘመ፣ የሚመልሰውም ሰው በዛ። ሦስት ሰከንድ ምን አላት እንዳትሉ፤ ሰው ፊት ቆማችሁ ስትጠብቁ ዓመት ትመስላለች። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። ከበድ ያለ ጥያቄ ከሆነ ሁሉም መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ቀጥሎ አጠገቡ ካለው ጋር ይነጋገር፣ ከዚያ ለሁሉም ይናገር። በሁለተኛ ቋንቋው የሚሠለጥነውም በዚህች ፋታ ቃላቱን ያሰናዳል። ግን በፈጠራችሁ፣ ዝም ያለውን በስሙ ጠርታችሁ "አንተስ?" አትበሉት። እሱን ማሳተፍ ሳይሆን ማስደንገጥ ነው።

ያ ዓይነ ስውር መምህር በሌላ ዓመት ሌላ ሥልጠናዬ ላይ መጣ። ፊት ለፊት ተቀመጠ። ተጠንቅቄ፣ ተጠንቅቄ፣ ወደ ማብቂያው ግድም "ይሄ እንግዲህ..." አልኩ። እጁን አወጣ። "የቱ?" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በዚህኛው ግን እሱም ሳቀ።