ማደንዘዣ ልትሰጡ ልብ ኦፕራሲዮን ክፍል ለምትገቡ ታናናሾቼ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የደም ግፊት ሲወርድ የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ እጃችን ላውራ።

ብዙ ዓመት ሆነው። የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ልብን ወደሚጎዳው ሩማቲክ ዞሮ ሚትራል ቫልቧን፣ በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን በር፣ አጥብቦታል። እዚህ አገር እንዲህ ዓይነት ወጣት ገና ብዙ ታያላችሁ። የሚያስተኛውን መድኃኒት፣ ፕሮፖፎልን፣ ትንሽ ሰጠኋት። ዓይኗን አልከደነችም። ለወጉ ያህል ጠበቅሁና ጨመርኩላት።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። የደከመ ልብ ደሙን የሚያዞረው ቀስ ብሎ ነው። ክንድ ላይ የገባ መድኃኒት አንጎል እስኪደርስ ከጤነኛ ሰው ይልቅ ይቆያል። ሁለቱም ዶዝ ተከታትለው ደረሱ። 100 የነበረው የላይኛው ግፊት 60 ገባ።

ስደነግጥ እጄ የሄደው ወደ ለመደው ኢፌድሪን ነው፤ ግፊትንም የልብ ምትንም የሚጨምር መድኃኒት ነው። ሲ-ሴክሽን ላይ ስንቴ አውጥቶኛል! አሁን ግን ባሰባት። ሞኒተሩ ላይ የልብ ምቷ 140 ይላል። በጠበበ ቫልቭ ደሙ ሾልኮ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል። ልብ ሲሮጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጥረው ይኸው የመሙያ ጊዜ ነው። ያልሞላ ልብ ምን ይርጭ? አጠገቤ የነበሩት አንጋፋ ባለሙያ ምንም ሳይሉ ፌኒሌፍሪን በጥቂቱ ሰጧት። የደም ሥሩ ጠበብ፣ ምቷ ረገብ አለ። ግፊቷም ተመለሰ። ልጅቷ ድና ወጣች። እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ወዲህ ሲሪንጅ ከማንሳቴ በፊት ለምን እንደወረደ ራሴን እጠይቃለሁ። ደም ጎድሏት ነው? የደም ሥሯ ላልቶ? ምቷ ሮጦ? ወይስ ቀዶ ሐኪሙ ልቧን በእጁ አንስቶት? የመጨረሻው ከሆነ ፍቱን መድኃኒቱ «ዶክተር፣ አንዴ ይልቀቁት» ማለት ነው።

ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር፣ አኦርቲክ ቫልቭ፣ ሲጠብ ጣጣው ሌላ ነው። የወፈረው የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው ልብ በሚያርፍበት ቅጽበት ነው። ግፊት ሲወርድ ጡንቻው ይራባል፣ ሲራብ ይደክማል፣ ሲደክም ግፊቱ ይብስ ይወርዳል። ከዚያ አዙሪት ማውጣት ከባድ ስለሆነ ግፊት የሚያነሳው ኖርአድሬናሊን ሕመምተኛው ሳይተኛ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። አርቴሪያል ላይኑም (ግፊቱን በየቅጽበቱ ለመከታተል ደም ቅዳ ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) እንደዚሁ፤ ቦታውን አደንዝዛችሁ ነቅቶ እያለ አስገቡት። አማካይ ግፊት ከ65 በታች እንዳይወርድ ትማራላችሁ። ደም ግፊት አብሮት የኖረ ሽማግሌ ግን በ65 ላይበቃው ይችላል።

ቁጥሩንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትመኑት። አንድ ተማሪዬ ግፊት ወረደብኝ ብሎ መድኃኒት ሊጨምር ሲል ደረስኩ። ለካ ጠረጴዛው ዝቅ ተደርጎ ግፊቱን የሚለካው ትራንስዱሰር ብቻውን ከፍ ብሎ ቀርቷል። 10 ሴንቲሜትር ከልብ በላይ ከሆነ ግፊቱን በ7 ያህል አሳንሶ ያሳያችኋል። ከታች ከሆነ ደግሞ ያለውን ጉድ ይደብቅባችኋል፤ እኔ የምፈራው ይሄኛውን ነው።

ልብን ከሚተካው ማሽን፣ ከፓምፑ፣ ጋር ለማገናኘት ዋናው የደም ሥር አኦርታ ላይ ቱቦ ሲገባ የላይኛውን ግፊት 100 አካባቢ ወይም ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ ሥሩ እንዳይቀደድ ነው። ከፓምፕ ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የተሰጠውን መድኃኒት የሚሽረው ፕሮታሚን አለ። ቶሎ ከተሰጠ የደም ሥሩን አላልቶ ግፊቱን ያፈርሰዋል። ሰዓቱ መሽቷል፣ ሁሉም ደክሞታል፣ ሐኪሙ ደረት ሊዘጋ ቸኩሏል። 10 ደቂቃ ያህል ውሰዱበት። «አልጨረስክም እንዴ?» ቢላችሁ «ገና ነው ዶክተር» በሉት።