ልጇን ደብቃ ያሳደገች ሴት ስለ ልጅ ምን ታስተምረናለች?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአራት ዓመት ልጄን ሞንቴሶሪ ከሚባለው ዓይነት ትምህርት ቤት አስገብቻታለሁ። ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ ያስቸገሩኝ አማቴ ናቸው። «ሞንቴሶሪ የካቶሊክ መነኩሲት ናት» ሲሉ ከረሙ። ሰሞኑን ደግሞ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ «የወለደችውን ለሰው ሰጥታ ያሳደገች ሴት ናት! እሷ ናት ስለ ልጅ የምታስተምረን?» ብለው አፌን አስያዙኝ። እውነት ነው?
ግራ የገባት እናት

መልስ፦ ልጄ፣ አማትሽ ግማሹን ስተዋል፤ ግማሹን አግኝተዋል። መነኩሲት አልነበረችም። ካቶሊክ ግን ነበረች፣ ያውም አጥባቂ። ስለ ልጇ የሰሙትም እውነት ነው። እሱን ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ፤ አልሸሸሁትም። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ትምህርት ቤቱ በስሟ የተጠራላት ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1870 ጣሊያን ውስጥ ኪያራቫሌ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሴት ልጁ ሐኪም እሆናለሁ ስትል አልተዋጠለትም፤ እናቷ ግን ከጎኗ ቆመች። ሮም ዩኒቨርሲቲ ስትማር፣ ወንዶች ባሉበት ራቁት አስከሬን ማየት ለሴት ነውር ነው ተባለ። ስለዚህ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ብቻዋን ገብታ ትሠራ ነበር። ሽታውን ለመቋቋም ሲጋራ ታጨስ ነበር ይባላል። በ1896 ተመረቀች።

ሥራ የጀመረችው በዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። በዚያ ሥራ «አይማሩም» ተብለው ከአእምሮ ሕሙማን ጋር የተዘጋባቸውን ልጆች አገኘች። ኢታር እና ሴጋን የሚባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ስለ እንዲህ ዓይነት ልጆች የጻፉትን ፈልጋ አነበበች። በእጅ የሚዳሰሱ መማሪያዎች አሠራች። ልጆቹ ማንበብና መጻፍ ቻሉ። ሰው ሁሉ ሲያደንቃት እሷን የከነከናት ሌላ ነገር ነው፦ እነዚህ ይህን ያህል ከቻሉ፣ ጤነኞቹን ምን ነካቸው?

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ሳን ሎሬንዞ የሮም የድሆች ሰፈር ነበር። አንድ የቤቶች ማኅበር እዚያ ያሉ ሕንፃዎችን አድሶ ለሠራተኛ ቤተሰቦች አከራየ። ወላጆች ቀን ሥራ ሲውሉ ትንንሾቹ ደረጃውን ይጋልቡበታል፣ ግድግዳውን ይሞነጫጭሩታል። ማኅበሩ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበን ሰው እናስቀምጥባቸው አለ። ለዚህ ነው ሞንቴሶሪ የተጠራችው። ልብ በይ፣ ለልጆቹ ታስቦ አይደለም፤ ለግድግዳው ታስቦ ነው!

«የልጆች ቤት» የተከፈተው ጥር 6 ቀን 1907 ነው። በካቶሊኮች ዘንድ የሰብአ ሰገል መታሰቢያ ቀን ነው። በዚያ ዕለት የሚነበበው የኢሳይያስ ቃል «ብርሃንሽ መጥቶአልና ተነሺ፥ አብሪ» የሚለው ነው። ሞንቴሶሪም መክፈቻው ላይ ይህንኑ አነበበች። ፊቷ የነበሩት ግን ሃምሳ የሚሆኑ፣ የፈሩና የሚያለቅሱ ልጆች ናቸው። ለመምህርነት የተቀጠረችውም ሥልጠና የሌላት ወጣት ነበረች።

አንድ ቀን ሞንቴሶሪ ስለ ንፍጥ ልታስተምራቸው ተነሳች። መሐረብ አውጥታ እንዴት እንደሚናፈጡ አሳየቻቸው። በዝግታ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ መሐረቡን እጅ ውስጥ ደበቅ አድርጎ። ትንሽ ቀልድም ጨመረችበት፤ ይስቃሉ ብላ። አንድም ልጅ አልሳቀም። ፍጥጥ ብለው አዩዋትና ስትጨርስ አጨበጨቡ። ልትሄድ ስትል እያመሰገኑ እስከ በሩ ተከተሏት።

ይህን ሳነብ አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። ሰላሳ ዓመት አጸደ ሕፃናት ሳስተምር «ሂድ ንፍጥህን ጥረግ!» ያልኩት ልጅ ብዛቱ። እንዴት እንደሚጠረግ ያሳየሁት ግን አንድም የለም። እሷ የገባትም ይኸው ነው፦ ልጆቹ ስለ አፍንጫቸው ሁሌ ይሰደባሉ፤ ሳያዋርድ ያስተማራቸው ግን አልነበረም።

ሌላም አለ። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ልክ ልካቸውን የእንጨት ውታፎች ከየቀዳዳቸው እያወጣች ትከታለች። ጨርሳ እንደገና ትጀምራለች። ሞንቴሶሪ መቁጠር ጀመረች። ሌሎቹ እየዘፈኑ እንዲዞሩ አደረገች፤ ልጅቷ ቀና አላለችም። ከነወንበሯ አንስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ዕቃዋን ጭኗ ላይ ሰብስባ እዚያው ቀጠለች። 42 ጊዜ ደጋገመችው፤ ከዚያ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ፈገግ ብላ ተወችው። እኔ ብሆን በአምስተኛው «በቃ፣ አሁን ሌላ ሥሪ» ብዬ ነጥቄያት ነበር።

ፊደሉንም ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ፣ ሰሌዳ ላይ ለጥፋ በጣታቸው እንዲዳስሱት አደረገች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ ልጆቹ ሰገነት ላይ ነበሩ። አንዱን የጭስ ማውጫ እንዲስልላት ጠመኔ ሰጠችው። ሥሎ ሲያበቃ ቀና ብሎ አያትና «መጻፍ እችላለሁ! መጻፍ እችላለሁ!» ብሎ ጮኸ። ወለሉ ላይ «እጅ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «ጭስ ማውጫ»፣ ቀጥሎ «ጣሪያ»። ጻፍ ያለው ሰው አልነበረም።

ስለ እምነቷ ላሳጥረው። በ1910 ሮም ውስጥ የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ቤታቸውን ከፈቱላት፤ እነዚያ ናቸው መነኮሳቱ፣ አማትሽን ያምታታቸውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። በ1918 የካቶሊኮች ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ ባረኳት። ባርሴሎና ላይ ደግሞ ለትንንሽ ልጆች በልካቸው ቤተ ጸሎት ተሠራ፤ ልጆቹ ለቅዳሴው ኅብስትና ወይን የሚሆን ስንዴ ዘሩ፣ ወይን ተከሉ። ከካቶሊኮች መካከል «ለልጅ ይህን ያህል ነፃነት ሰጥታ የአዳምን ኃጢአት ረሳችው» ያሏትም ነበሩ። ልጅሽ እዚያ በመማሯ ሃይማኖቷ አይለወጥም፤ እሱን አትስጊ።

አሁን ልጁ። ሞንቴሶሪ ከሥራ ባልደረባዋ ከዶክተር ሞንቴሳኖ በ1898 ማሪዮን ወለደች። አልተጋቡም። ሳያገቡ መውለዷ ቢታወቅ ሥራዋ ያከትም ነበር። ልጁ በስውር ገጠር ላለ ቤተሰብ ተሰጠ። አልፎ አልፎ እየሄደች ታየው ነበር፣ እናትህ ነኝ ሳትለው። ሰውየው በ1901 ሌላ አገባ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ባል አላገባችም።

ይህን አላሳምርልሽም። ለልጁ በደል ነው። ግን ያን ጊዜ ስም የሚጠፋው የማን እንደነበር ተመልከቺ። እሱ አግብቶ ዶክተር እንደተባለ ኖረ። አማትሽም ስለ እሱ ምንም አላሉም አይደል?

የሞንቴሶሪ እናት በ1912 ሞተች። ከዚያ ማሪዮ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ራሱ «እናቴ እንደሆንሽ አውቃለሁ» ብሏት አብሯት ሄደ። ከዚያ በኋላ አልተለያዩም፤ ሥራዋን ሁሉ አብሮ ሠራ። በሰው ፊት ግን ለብዙ ዓመታት የወንድም ወይም የእህት ልጅ፣ አለዚያም የማደጎ ልጅ ነበር የሚባለው።

በ1939 ሁለቱም ለማስተማር ሕንድ ሄዱ። በዓመቱ ጣሊያን ጦርነት ገባችና እንግሊዞች ማሪዮን እንደ ጠላት ዜጋ አሰሩት። ነሐሴ 31 ቀን እሷ ሰባ ዓመት ሞላት። ሕንድን በእንግሊዝ ንጉሥ ስም ከሚገዛው እንደራሴ ቴሌግራም መጣ፦ ለልደትዎ ምን እንስጥዎት ብለን ብዙ አሰብን፤ ከሁሉ የሚሻለው ልጅዎን መመለስ ነው የሚል። ያን ጊዜ ነው በአደባባይ «ልጅሽ» የተባለላት፤ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ።

በ1952 ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ኖርድቫይክ ላይ አረፈች። እዚያው በካቶሊኮች መቃብር ተቀበረች።

ቴሌግራሟን ለአማትሽ አንብቢላቸው። የሚሉትን ደግሞ ጻፊልኝ፤ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።