የታካሚ ዝርዝር የያዘው ፍላሽ፣ ባንኩና አባትሽ

እህቴ፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቀሽ በአንድ ጤና ጣቢያ የኤአርቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) ክፍል በኮንትራት መረጃ እያስገባሽ ነው። አባትሽ ባንክ ግቢ ይላሉ፣ አክስትሽ ዱባይ ነይ ትላለች፣ አንቺ ደግሞ 35,000 ብር ከፍለሽ የሳይበር ደህንነት ኮርስ ልትጀምሪ አስበሻል። ብዕር ያስነሳኝ ግን በደብዳቤሽ መሀል እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሽው ነገር ነው፦ «በየወሩ የታካሚዎቹን ዝርዝር በፍላሽ ይዤ ወደ ዞን እሄዳለሁ፤ ያልደረሰውን ቤት ወስጄ እጨርሳለሁ። ፓስወርድ እናድርግበት ስል አለቃዬ ‹ያንቺ ሥራ ማስገባት ነው› አሉኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?»

አንቺ አልተሳሳትሽም፤ የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው። ዝርዝሩ ላይ ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌና መድኃኒት የተጀመረበት ቀን አለ። ፍላሹ ባጃጅ ውስጥ ቢወድቅ ያገኘው ሰው የመጀመሪያ ሥራው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ «የማን ነው?» ብሎ መክፈት ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ የሚያነበው ስም የጎረቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ ሠራተኛ የጣለውን ፍላሽ ያገኘው መንገደኛ ከ1,000 በላይ ፋይሎችን ያለ ምንም ፓስወርድ ከፍቶ አይቷል። አየር ማረፊያው በማግስቱ ዓመት 120,000 ፓውንድ ተቀጣ። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል።

ወደ አለቃሽ ከመመለስሽ በፊት ዞኑን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ስም ትፈልጋላችሁ ወይ? ወርሃዊ ሪፖርት በአብዛኛው ቁጥር ነው። ስምና ስልክ ያለበት ዝርዝር የሚያስፈልገው መድኃኒት ያቋረጡትን ለሚፈልጉት ሰዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ ናቸው። በካርድ ቁጥር ብቻ መላክ ከተቻለ የጭንቀትሽ ግማሽ እዚያው ያልቃል።

ስም የግድ ከሆነ አዲስ ፍላሽ ግዢ፤ 16 ጊጋ ይበቃል። በርካሽ «1 ቴራ» እየተባለ የሚሸጠውን አትንኪ። ውስጡ ያለው ቺፕ ትንሽ ሆኖ ትልቅ ነኝ እንዲል የተደረገ ነው፣ ከእውነተኛ መጠኑ ያለፈው ፋይል የተጻፈ መስሎ ይጠፋል። ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። አዲስ የምልሽ አሮጌው ላይ የተሰረዘ ፋይል በእርግጥ ስላልጠፋ ነው፦ ፍላሽ ቶሎ እንዳያረጅ ጽሑፉን በየክፍሎቹ እያዘዋወረ ይጽፋል፣ የድሮው ዝርዝር አንቺ በማትደርሺበት ክፍል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኢንክሪፕት የሚደረገው (ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ የሚቆለፈው) ባዶ ሳለ፣ የመጀመሪያው ፋይል ሳይገባበት ነው።

የቢሮሽ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ ቢትሎከር የሚባለው መቆለፊያ አብሮት አለ። ሆም ከሆነ ግን በቢትሎከር የተቆለፈ ፍላሽ ይከፍታል እንጂ ራሱ አይቆልፍም። ፍላሹ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ «ተርን ኦን ቢትሎከር» ስትዪ ፓስወርድ ያስገባሻል፣ ቀጥሎ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይሰጥሻል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁልፉን እዚያው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ወይም ወደ ግል ማይክሮሶፍት አካውንቱ ይልከውና ሥራ ሲለቅ ይዞት ይሄዳል። ሁለት ቅጂ አትሚ። አንዱ በታሸገና በተፈረመበት ኤንቨሎፕ ኃላፊው ካዝና ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ሌላ ቢሮ ይቀመጥ። ፓስወርዱም ቁልፉም ከጠፉ የሚከፍትልሽ ባለሙያ የለም፤ ኢንክሪፕሽን ማለትም ይኸው ነው። ቀጥሎ ሲጠይቅሽ ሙሉ ድራይቩን የሚለውን ምረጪ፤ የዞኑ ኮምፒውተር አሮጌ ዊንዶውስ ሊሆን ስለሚችል ደግሞ «ኮምፓቲብል ሞድ» የሚለውን። ቀርፋፋ ፍላሽ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። መብራት የሚያስቸግር ከሆነ ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ሥሪው፤ ሳያልቅ መንቀል ካለብሽም «ፖዝ» ሳትዪ አትንቀዪ፣ ፋይል ይበላሻል።

ፕሮ ከሌለ ቬራክሪፕት አለ፤ ነፃ ነው፣ ፍላሹ ላይ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል የሚታይ ካዝና ይሠራል። ችግሩ በሚቀበለው ኮምፒውተር ላይም መኖር ያለበት መሆኑ ነው። ካልተጫነ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ የዞኑን አይቲ ቀድመሽ በስልክ አነጋግሪ፤ ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ በር ላይ እንዳትቀሪ። ካዝናው ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ከሆነ ፍላሹ በፋት-32 ሳይሆን በኤክስፋት ፎርማት ይደረግ። የካዝናውን ሄደርም (መክፈቻው የተጻፈበትን መጀመሪያ ክፍል) ባክአፕ ያዢ፤ እሱ ከተበላሸ ትክክለኛው ፓስወርድም አይከፍተውም።

ፓስወርዱን በግዕዝ ፊደል አታድርጊው፤ ዞን ስትደርሺ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ኮምፒውተር ይጠብቅሻል። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ስድስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ተጽፈው ይበቃሉ። ተረት፣ መዝሙር ወይም የጤና ጣቢያው ስም ከነዓመተ ምህረቱ አይሁን። እ.ኤ.አ. በ2022 የጃፓኗ አማጋሳኪ ከተማ 460,000 ያህል ነዋሪዎች መረጃ የያዘ ፍላሽ ጠፋ፤ ይዞት የነበረው የኮንትራክተር ሠራተኛ ጠጥቶ መንገድ ላይ ተኝቶ ነበር። ፍላሹ ኢንክሪፕት ተደርጎ ስለነበር ከተማዋ ልትተነፍስ ስትል፣ ኃላፊዎቹ በመግለጫቸው ላይ ፓስወርዱ 13 ፊደልና ቁጥር መሆኑን ተናገሩ። የከተማዋ ስም በላቲን ፊደል ዘጠኝ ነው፣ 2022 ሲጨመር 13። ሕዝቡ ወዲያው በኢንተርኔት ግምቱን ያዥጎደጉደው ጀመር።

ፎልደር መደበቅ ጥበቃ አይደለም። ኤክሴል ላይ «ፕሮቴክት ሺት» የሚለውም ሴል እንዳይነካ ያደርጋል እንጂ ዝርዝሩን አይሰውርም። ሰቨን-ዚፕ በኤኢኤስ-256 የቆለፈው ፋይል ለመላክ ጥሩ ነው፤ ግን ፋይሉን ከውስጡ ስትከፍቺው ያልተቆለፈ ቅጂ ኮምፒውተሩ ቴምፕ (ጊዜያዊ ፋይሎች) ፎልደር ላይ ያርፋል። ፍላሹ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ቫይረስ አንቺ የምታዪውን ሁሉ ያያል። ለዚህ ነው ቤት መውሰዱን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ የምልሽ። ወንድምሽ ክራክ የተደረገ ጌም የሚጭንበት ላፕቶፕ የታካሚ ዝርዝር የሚከፈትበት ቦታ አይደለም። ያልደረሰ ሪፖርት አንድ ቀን ይዘግይ።

ለአለቃሽ «ፓስወርድ እናድርግ» ማለት ተቃውሞ ይመስላል። አንድ ገጽ ጽፈሽ ግቢ፦ ፍላሹ ቁጥር 1 ተብሎ ተመዝግቧል፣ ሲወጣና ሲገባ በመዝገብ ይፈረማል፣ ቁልፉ ካዝና ውስጥ ነው፣ ቢጠፋ በዚያው ቀን ለኃላፊው ይነገራል። ከታች ለሳቸው ፊርማ ቦታ ተዪ። እምቢ ቢሉ እንኳ ማሳወቅሽ በጽሑፍ ስለሚኖር ፍላሹ ሲጠፋ ተጠያቂዋ አንቺ ብቻ አትሆኚም። እሺ ካሉ ደግሞ ስድስት ወር የሠራ አሠራር ይኖርሻል፤ ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ይዘሽው የምትገቢው እሱን ነው። በአራት ሳምንት ከሚሰጥ የ35,000 ብር ሰርተፊኬት ይልቅ ጠያቂው ስለሱ ይጠይቅሻል። ሚዛኔ በሥራ ላይ ወደተማረ ሰው እንደሚያጋድል አልደብቅሽም፤ ብሩን ግን አሁን አታውጪ። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ የሳይበር ደህንነት መግቢያ በነፃ ነው፣ ከሱ ጀምሪ።

አባትሽ የኮንትራት ሥራ አያስተማምንም ማለታቸው ልክ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የኮንትራት ጤና ሠራተኞች ተሰናብተዋል። ግን «ልጄ ባንክ ናት» ማለት የሚያኮራው እሳቸውን ነው፤ መስኮት ላይ ገንዘብ ስትቆጥሪ የምትውዪው አንቺ ነሽ። ባንኩ ፈተና ሲያወጣ ለአይቲ ክፍል ከሆነ ተፈተኚ፣ ለካሸር ከሆነ እለፊው። ቤተሰቦችሽ የወንድምሽን የትምህርት ቤት ክፍያም ሙሉውን ተሸከሚ ያሉሽ ደሞዝሽን ሳይጠይቁ ነው። የምትችዪውን ብር ከነማብቂያ ወሩ ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ ይኮርፉ ይሆናል፣ ይመለሳሉ።

ዱባይ፦ የተፈረመ የሥራ ውል እጅሽ ሳይገባ፣ በጉብኝት ቪዛ ሥራ ፍለጋ አትሂጂ።

አሁን ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን አሮጌ ፍላሽ ደግሞ ፎርማት አድርገሽ ለወንድምሽ ፊልም እንዳትሰጪው። ዝርዝሩ ወደ አዲሱ መገልበጡንና መከፈቱን አረጋግጪ፣ ለኃላፊው አሳውቂና በሁለት ሰው ፊት ስበሩት። የሚሰበረው ብረቱ ጫፍ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ክፈቱና ውስጡ ያለውን ጥቁር ቺፕ በመዶሻ አድቅቁት።