ሕመም አልለቅ ሲል፦ ለጠየቃችሁኝ የሰጠሁት መልስ

ጎንደር ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። «ወጋኝ፣ ቆረጠመኝ፣ አቃጠለኝ» ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። ስለ ሕመምና ስለ ማስታገሻ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። ተራ በተራ ልሂድበት።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ወገቤን ካመመኝ አራት ዓመት ሆነኝ። በኤምአርአይ ታይቼ «ዲስክህ ወጥቷል» ተባልኩ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ስወጋ ሁለት ቀን ይተወኛል፤ ከዚያ ያው ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ኤምአርአዩ። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ የአሜሪካ ጥናት የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች በኤምአርአይ ታዩ። ዲስኮቻቸው፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ትራሶች፣ በሙሉ ደህና የሆኑት 36 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ያበጠ ወይም የወጣ ነገር ታይቶባቸዋል፤ ግን አላመማቸውም። እና ፎቶው ላይ የታየው ሁሉ የሕመምህ ምክንያት ነው ብለህ አትደምድም።

ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ ጠባዩም ይለወጣል። ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ከጉዳት በኋላ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት ነርቮች ራሳቸው ከልክ በላይ ይነቃሉ። ሌባው ከሄደ በኋላም መጮኹን እንደማያቆም ውሻ ማለት ነው። ዲክሎፌናክ በዋናነት የሚሠራው የተቆጣው ቦታ ላይ ነው፤ ያንን ጩኸት ብዙም አያበርደውም። ሲደጋገም ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። እኔ ብሆን መርፌውን ትቼ ፊዚዮቴራፒ እጀምር ነበር። ተኝቶ መክረም አያድንም፤ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ይሻላል። እግርህ ከዛለ፣ ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ፣ ወይም ትኩሳት ኖሮህ ከከሳህ ግን ነገ ዛሬ ሳትል ሆስፒታል ሂድ። የአከርካሪ ቲቢ እኛ ሀገር አለ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ እንግዲያው ሕመሙ ሐሳብ ነው ማለት ነዋ?

መልስ፦ አይደለም። ነርቭ ላይ የሚታይ ለውጥ ነው። ክርንህን ስትመታ ወዲያው የምታሸው ለምንድን ነው? ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት ሐሳብ፣ የመነካት ስሜት ህብለ ሰረሰር ላይ የሕመሙን መልእክት ያዳክመዋል። አንጎልም ከላይ ሆኖ ሊያጠብቀው ወይም ሊያላላው ይችላል። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት የሚያባብሱት ለዚህ ነው። «የውሸት ነው» የሚል ካለ አትስማው።

ጥያቄ (በርበሬ ነጋዴ፣ ከቅዳሜ ገበያ)፦ ሚጥሚጣ እጄን እንደ እሳት ያቃጥለኛል፤ ግን አይልጠኝም። ምሥጢሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ በዚህ ጥያቄ ኖቤል ተሸልመውበታል! ዴቪድ ጁሊየስ የተባለ ተመራማሪ የቃርያንና የሚጥሚጣን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የትኛው የነርቭ በር እንደሚከፈትለት አገኘ። ያው በር 43 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀትም ይከፈታል። ስለዚህ ነርቭዎ ሚጥሚጣውን ከእሳት አይለየውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከሌላው ተመራማሪ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተሸለመ። ዛሬ 8 በመቶ የሚሆን ንጥረ ነገሩ ያለበት ልጥፍ አለ፤ አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው ማቃጠል በሐኪም እጅ ይለጠፋል። ቤት ውስጥ ሚጥሚጣ በጥብጠው እንዳይቀቡ፣ አደራ! ለእጅዎ ደግሞ ዘይት ቀብተው በሳሙና ይታጠቡ፤ ንጥረ ነገሩ ቅባት እንጂ ውኃ አያሟሟውም።

ጥያቄ፦ ለልጄ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ልስጠው?

መልስ፦ አትስጪው። ኮዴይንን ጉበታችን ወደ ጠንካራው ማስታገሻ ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ቀያሪ ዘረመል በአንዳንድ ሰው ላይ ተደራርቦ ስለሚገኝ፣ ለውጡ በጣም ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ ድርብርብ ዘረመል እንዳላቸው አሳየ። ይህ ከአውሮፓውያኑ እጅግ ይበልጣል። ልክ የሆነው መጠን ለእኛ ልጅ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክለዋል፤ ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻም ለሕመም እንዳይሰጣቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይህ ጉዳይ እኛ ዘንድ ገና በቅጡ አልተወራበትም።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ወይስ ሆስፒታል?

መልስ፦ ስብራት ከተጠረጠረ ራጅ ይቅደም። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሱስ የማያሲዝ ጠንካራ ማስታገሻ ወጣ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሱዜትሪጂን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ፈቀደችው። መነሻው ሕመም የማይሰማቸው የፓኪስታን ቤተሰቦች ናቸው። አንዱ ልጅ በፍም ላይ እየተራመደ ትርኢት ያሳይ ነበር፤ 14 ዓመት ሳይሞላው ከጣራ ዘሎ ሞተ። ሕመም አለመኖሩ በረከት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 እነዚህ ሰዎች ናቭ1.7 የሚባል የነርቭ በር እንደማይሠራላቸው ታወቀ። አዲሱ መድኃኒት የሚዘጋው ወንድሙን ናቭ1.8ን ነው፤ አንጎል ላይ ስለማይሠራ ሱስ ያሲዛል ተብሎ አይፈራም። የተፈቀደው ግን ለድንገተኛ ሕመም፣ ለምሳሌ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላለው ነው። ከወገብ ወደ እግር ለሚወርድ ሕመም ሲሞከር ለማነጻጸር ከሚሰጠው መድኃኒት የሌለበት ክኒን አልተሻለም። ብዙ አትጓጉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ካንሰር አለባት። ሞርፊን ታዘዘላት፤ ቤተሰቡ ግን ሱስ ይሆንባታል ብሎ ፈራ።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ፍርሃቱ ከጥቅሙ በላይ ተጋኗል። ሕመሙ እስኪነሳ አትጠብቁ፤ በታዘዘው ሰዓት ስጧት። መጀመሪያ ላይ ማንቀላፋትና ማቅለሽለሽ ቢኖር፣ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃታል። እየባሰ እንቅልፉ ከከበዳት ግን ለሐኪሟ ቶሎ ንገሪ። የሆድ ድርቀቱ አይለቅም፤ ከሞርፊኑ ጋር ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝላት ጠይቂ።