ሳላይ የፈረምኩት ፊርማ

ሰሞኑን አንዲት ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ነርስ ጠየቀችኝ። «ሲስተር፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ የተረፈ ፔቲዲን፣ ያንን ሱስ የሚያስይዝ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ መርፌ፣ ኪሷ ስትከት አየሁ። ብናገር ከሥራ ትባረራለች። ዝም ልበል?» ወዲያው መመለስ አቃተኝ።

እኔም ጓደኛ ነበረችኝ። ደም ሥር በማግኘት የሚስተካከላት አልነበረም። የሕፃናቱን እንኳ አንዴ ወግታ ታገኘዋለች። በሽተኛ ስታነሳ ወገቧ ተጎዳና ሐኪም ያዘዘላትን ማስታገሻ ጀመረች። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ አላለቀም። ከዚያ የሌሊት ተረኝነት መለመን አበዛች። የእኔን በሽተኞች መርፌ ሳይቀር «ተይው፣ እኔ እሰጥልሻለሁ» ትለኛለች። ደግነት መስሎኝ አመሰግናት ነበር።

የያኔው የፔቲዲን አምፑላችን፣ ትንሿ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ 100 ሚሊግራም ነበረች። የታዘዘው 50 ከሆነ ቀሪው ሌላ ነርስ እያየች ይደፋል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። እሷ «ደፍቼዋለሁ፣ ፈርሚልኝ» ትላለች። እፈርማለሁ። ስንት ሌሊት እንደፈረምኩ አላውቅም።

አንድ ሌሊት እግሩን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አንሶላውን ጨብጦ ያለቅሳል። «ሲስተር፣ መርፌው ምንም አልሠራልኝም» አለኝ። ቻርቱን አየሁ። በእሷ እጅ ጽሑፍ፣ ከ40 ደቂቃ በፊት ተሰጥቶታል ይላል። «ትንሽ ታገሥ» ብዬው ሄድኩ። ሲነጋም ያቃስት ነበር። እኔ ደግሞ፣ አምኜ ልናገር፣ ሱስ ያለበት እሱ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ሰው ነው።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ወድቃ ተገኘች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትንፋሿ ሊቆም ደርሷል። የእነዚህን ማስታገሻዎች ኃይል በሚያከሽፈው መድኃኒት፣ በናሎክሶን፣ ተረፈች። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲጠይቀኝ «ምንም አላየሁም» አልኩ። እውነት ነው፣ አላየሁም። ግን አይቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። እሷ የሙያ ፈቃዷን ተቀማች፣ እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ትታከም ያለ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያዋ አለቃዬ አምፑል የምትቆጥረው በጣቷ እየነካች ነበር። ሰው አታምንም እያልን እናማት ነበር። አሁን ሳስበው እኛንም እየጠበቀችን ነበር። እናንተ ወጣቶች ስለ ጭንቀታችሁ በግልጽ ታወራላችሁ፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ። ኮምፒውተር ላይ ግን ሳታዩ «እሺ» የምትጫኑት ነገር በዝቷል።

ጉዳቱ ደግሞ ከሕመም ያልፋል። አሜሪካ ውስጥ አንድ የሆስፒታል ቴክኒሽያን ፌንታኒል የሚባለውን ኃይለኛ ማስታገሻ ራሱን እየወጋ፣ በዚያው ሲሪንጅ ሌላ ፈሳሽ እየሞላ ይተካ ነበር። ከ30 በላይ ታካሚዎች በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ያዛቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. 39 ዓመት ተፈረደበት።

ስለዚህ ተናገሪ፣ ዛሬውኑ፣ ለኃላፊሽ። እርግጥ እኔ ያኔ ብነቃ ኖሮ መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ አናግር ነበር መሰለኝ። ትክክል ባይሆንም ያንን አደርግ ነበር። አሁን በብዙ አገር ፈቃድ ከመንጠቅ በፊት ሌላ መንገድ አለ። ነርሷ ትታከማለች፤ ለዓመታት ድንገተኛ የሽንት ምርመራ ይደረግላታል፤ ለጊዜው የመድኃኒት ቁልፍ አትይዝም። በዚህ መንገድ ወደ ሥራ የተመለሱ ብዙ ናቸው።

ለልጅቷ አንድ ነገር ጨመርኩላት። ጓደኛሽ ኮሚቴ ፊት ስትጠራ በሩ ላይ ሆነሽ ጠብቂያት አልኳት። የኔዋን የጠበቃት አልነበረም። እኔ በጓሮ በር ወጥቼ ነበር።