«ውላችሁ ለጊዜው ታግዷል» ተባልን፤ ሥራ አለን ወይስ የለንም?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በሚገኝ ሆቴል በመስተንግዶ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። እንግዳ ሲጠፋ ሥራ አስኪያጁ «የሥራ ውላችሁ ለጊዜው ታግዷል፤ ስንፈልጋችሁ እንጠራችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ደመወዝ ካገኘን ሁለት ወር አለፈ። መታገድ ማለት መባረር ነው? ቃሉስ ከየት የመጣ ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠያቂያችን። አልተባረሩም፤ ዛሬም የሆቴሉ ሠራተኛ ነዎት።

«አገደ» ከለከለ፣ መንገድ ዘጋ ማለት ነው፤ ገጠር ላደገ ሰው ደግሞ ከብት መጠበቅም ነው። እረኛ ከብት የሚያግደው ሊያቆየው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ቃሉ በአዋጅ ቁጥር 42/1985 ነበረ፤ በ377/1996 አልፎ አሁን በሥራ ላይ ባለው በ1156/2011 ቀጥሏል። የአዋጁ አንቀጽ 17 እንደሚለው ውሉ ሲታገድ እርስዎ የመሥራት፣ አሠሪው ደመወዝ የመክፈል ግዴታቸው ለጊዜው ይቆማል። ውሉ ግን አይፈርስም፣ አይቋረጥምም። ስለዚህ የ6 ዓመት አገልግሎትዎ እንዳለ ነው። በጥፋት ተጠርጥሮ ለምርመራ ከሥራ መታገድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እናንተን የሚመለከት አይደለም።

ያሳሰበኝ የማስታወቂያው አጻጻፍ ነው። «ስንፈልጋችሁ» የሚባል እገዳ በሕጉ ውስጥ የለም። አሠሪው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ ወይም በእሱ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር፣ ሥራውን ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚያቆም ከሆነ እገዳ መጠየቅ ይችላል። ይህንንም ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያ አካል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። የእገዳው ጊዜም ከ90 ቀን መብለጥ አይችልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ ሥራ ሊጀምር እንደማይችል ከታመነ ደግሞ ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያን ጨምሮ በአዋጁ የተወሰነለትን ያገኛል።

እንግዲህ ማስታወቂያውን በስልክዎ ፎቶ አንስተው በከተማችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። «ይህ ሆቴል እገዳ አሳውቋል? ከመቼ እስከ መቼ?» ብለው ይጠይቁ። አሳውቆ ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን ይጻፉ። ባበቃ ማግስት በሚውለው የሥራ ቀን ራስዎ ሆቴሉ መገኘት አለብዎት፤ ስልክ እስኪደወልልዎ አይጠብቁ። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱ ሲጠብቅ «ሥራ ጥሎ ጠፋ» ይባላል። «ለሥራ ቀርቤያለሁ» የሚል ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው በሌላው ላይ ቀንና ፊርማ ያስደርጉ። አልቀበልም ካሉ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ምስክር ይሁኑ።

አሠሪው ምንም ያላሳወቀ ከሆነ ግን ሕጋዊ እገዳ የለም። አንቀጽ 54 ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ የቀረ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈለው ይላል፤ የሁለቱን ወር መጠየቅ ይችላሉ። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ስላለፈ ተቀባይነት አያገኝም፤ ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን በዚህ ሳምንት ይጎብኙ።